የሚስተር ፈንታ እናት

ጋምቤላ ላይ ሚስተር ፈንታን የማያውቅ ሰው ከነበረ፣ ያን ሰሞን የተወለደ ሕፃን መሆን አለበት። እውነተኛ ስሙ ፊንታን ነው። ዝናብ የማያባራበት አየርላንድ የሚባል ደሴት አለ አሉ፤ ከዚያ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ተሰማ ገና በመጣበት ቀን ስሙን ሲሰሙ፣ «ፈንታ? ይሄማ የአጎቴ ልጅ ስም ነው!» ብለው ጨረሱት። ሰውዬው ምን ያድርግ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ጆሮው ፀሐይ የላጠው፣ የአርባ ዓመት ጎጃሜ ሆኖ ቀረ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ወደ ማለቂያው ነው። እንግሊዞቹ የወደቡን መጋዘን ጥለው ከሄዱ ቆይተዋል። ክረምት ክረምት የባሮን ወንዝ ይዞ ከሱዳን የሚመጣው መርከብም ቀርቷል በሚባልበት ደረጃ ላይ ነው። የወንዝ ዳር ሰዎች ግን እንግሊዝን አልረሱም። ሚስተር ፈንታን ባዩት ቁጥር፣ «እንግሊዝ ተመለሰ እንዴ?» ይላሉ።

«እኔ እንግሊዝ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?» አለው አንድ ቀን ኦሞድ፣ ድሮ ከመርከቡ ጭነት ሲያወርድ የኖረ ሽማግሌ።

«አይሪሽ ነኝ። እንግሊዝ አገራችንን ስንት መቶ ዓመት ረግጦ ገዝቶናል።»

«ታዲያ የረገጠህን ሰው ቋንቋ ለምን ታስተምራለህ?»

ሚስተር ፈንታ ወንዙን አየ፤ ሰማዩን አየ። «ደሞዝ የሚከፈለው ለእሱ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኔም ጆንያውን የምሸከመው ለዚያ ነበር» አለው ኦሞድ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ።

የሚኖረው ጨውና ላምባ፣ አቡጀዲና ምስማር በሚቸረችረው በጅማው ሰው በሸሪፍ ግቢ ውስጥ፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። የሸሪፍ ሚስት ሰውዳ ምግቡን ታበስልለታለች። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ከተማውን ጭቅጭቅ ውስጥ ከትቶት ነበር። ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ የሸሪፍን ቤት ሥጋ ይበላል። እሑድ አቶ ተሰማ ቤት ይጋበዛል፤ የእሳቸውንም ይበላል። አቶ ተሰማ ተቆጡ፤ ሸሪፍ ተቆጣ። ሰውየው ሁለቱንም ላለማስቀየም ብሎ ወደ ዓሣ ዞረ። ዓሣ ማንም ባርኮ አያርደውም። አጓ የምትባለው ዓሣ ሻጭ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በሩ ላይ ናት፤ ለሃይማኖት ሰላም ስትል ዋጋም ጨመረችበት።

ትምህርት ቤቱ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ረፋድ ላይ ምድጃ ይሆናል። ጢም ያወጣውና የወተት ጥርሱ ያልተነቀለው አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ። ከአዲስ አበባ የተላከው መጽሐፍ የመጀመሪያ ንባቡ ስለ በረዶ ነበር። ሚስተር ፈንታ፣ ብርድ ሲበረታ ወንዝ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሰው በላዩ ይሄዳል ብሎ አስረዳ። ኦቹዶ የሚባል እንደ መቃ የረዘመ ተማሪ ተነሣ።

«ሚስተር፣ ዓሣውስ?»

«ከሥር ነው።»

«ታዲያ ሰው በምን ያጠምደዋል?»

ሚስተር ፈንታ መጽሐፉን ዘጋው። ከዚያን ቀን ወዲህ በመጽሐፉ አላስተማረም። በእናቱ አስተማረ።

«ማይ ማዘር ሃዝ ኤ ዶንኪ» ይላል። ክፍሉ ቆርቆሮው እስኪርገበገብ ተከትሎ ይጮኻል፤ እናቴ አህያ አላት! እናቴ ዶሮዎቿን በስም ትጠራለች! እናቴ ሻይ ያለ ወተት አትጠጣም! እናቴ እንጨት ስለሌላት አፈር ቆፍራ፣ አድርቃ ታነዳለች! እዚህ ላይ ግን ጩኸቱ ተቋረጠ።

«አፈር ይነዳል?» አለ ኦቹዶ።

«እኛ አገር ይነዳል።»

«አይ ድህነት!» አለና ተቀመጠ። ክፍሉ በሙሉ ከልቡ አዘነላቸው።

ልጆቹ የሰሙትን ወደየቤታቸው ይዘው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ወይዘሮ ዴሊያ፣ ማንም ዓይቷቸው የማያውቅ አሮጊት የጋምቤላ ነዋሪ ሆኑ። አጓ ዓሣ ስታቀብለው፣ «የእናትህ አህያ ደህና ናት?» ትለዋለች። አቶ ተሰማ የሻዩን ነገር ሰምተው ላም ላኩላቸው ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ለሚስተር ፈንታ ያልሆነለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያለፈ ጊዜን ማስተማር። ተማሪዎቹ ትናንት የሆነውንም፣ ካቻምና የሆነውንም፣ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርገው ነው የሚያወሩት። ለመነ፣ ተቆጣ፣ በጠመኔ ሰሌዳውን ደበደበ። ወይ ፍንክች!

አንድ ማታ ሰውዳ እራት ስታቀርብለት ጠየቀችው። «ለመሆኑ እንዲህ የምትወዳትን እናት ለማን ትተህ መጣህ?»

«መሬቷ ትንሽ ናት፤ የወረሰው ታላቅ ወንድሜ ነው።»

«አንተስ ምን ወረስክ?»

«ቃል። ስወጣ በር ላይ ይዛኝ፣ 'የምሞት ቀን እጄን የምትይዘው አንተ ነህ፤ ማልልኝ' አለችኝ። ማልኩላት። አዲስ አበባ ያሉ አንድ የአገሬ ቄስ አሉ፤ ስትታመም በሬዲዮ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ።»

ሰውዳ ዓሣውን አስቀምጣ፣ «ወላሂ የከበደ ነገር ወርሰሃል» አለችው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ሜዳው ሬዲዮ ሠራተኛ ዘውዱ ላብ በላብ ሆኖ ትምህርት ቤት መጣ። አቶ ተሰማን ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

«ቄሱ ደውለው ነበር። የሚስተር ፈንታ እናት በጣም ታመዋል፤ ሐሙስ በሚመጣው አውሮፕላን ይምጣ ይላሉ።»

አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?»

«ኧረ አረፉ አላሉም! ታመዋል ነው ያሉት።»

«ልጄ፣ እናትህ ሞተች ብሎ በሬዲዮ የሚጮህ ቄስ አይተህ ታውቃለህ?»

ዘውዱ ቢያስብ ቢያስብ አላየም። የገዛ አባቱ የሞቱ ጊዜ፣ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል» ተብሎ ነው ጎሬ ድረስ የተጠራው። ሲደርስ ለተዝካሩ ጠላ እየተጠመቀ ነበር። «እውነትዎን ነው» አለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ነገሩን በሸሪፍ ሱቅ ጓዳ ተቀመጡበት። ሸሪፍ ብቻ ትንሽ አንገራገረ። «ምናልባት የእውነት ታመው ቢሆንስ?»

«አንተ ነጋዴ ነህ» አሉት አቶ ተሰማ። «ለታመመ ሰው ብሎ ከባሕር ማዶ እስከዚህ ሬዲዮ የሚያስጮህ ማነው?»

ሸሪፍ የሬዲዮውን ዋጋ አሰበና አመነ። ሰውዳ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «ዛሬ ትንፍሽ እንዳትሉ። ሰው ራቱን በልቶ ይተኛ።» ያን ማታ የወትሮውን እጥፍ ዓሣ አቀረበችለት። እሱም ምን ተገኘ ሳይል በላና ስለ አህያዋ አንድ ቀልድ ነገራት። እሷ ግን ሳትስቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሚስተር ፈንታ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ከክፍሉ ወጣ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። አቶ ተሰማ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው ላባቸው ይንጠባጠባል። ሸሪፍ አለ፤ ዘውዱ አለ፤ ኦሞድ ከወንዝ ዳር ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ሰውየው ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ብሎ ነው ያሰበው።

«ይቀመጡ እስቲ፣ ሚስተር ፈንታ» አሉ አቶ ተሰማ። «እንግዲህ ሰው ሲባል እንግዳ ነው። እናትዎ... ያው፣ ታመው ነበር አሉ።»

ሚስተር ፈንታ አረፋውን ተፍቶ ብድግ አለ። «ታመመች? አውሮፕላኑ መቼ ነው? ሐሙስ ነው አይደል? እደርሳለሁ! ሻንጣዬን...»

አያችሁ፣ እውነቱ እዚያች ግቢ ውስጥ ለአንድ አፍታ ቆማ ነበር። አንድ ሰው ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ። ግን መርዶ እዚያ ላይ አይቆምም፤ መጨረስ አለበት። አቶ ተሰማ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«አይ ልጄ። አርፈዋል።»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ፣ «ተቀበረች?» አለ በቀጭን ድምፅ።

አቶ ተሰማ ስለ ቀብሩ የሚያውቁት አንዳችም ነገር የለም። ሐዘንተኛን በባዶ እጅ መመለስ ደግሞ አላስቻላቸውም። «ተቀብረዋል፤ ቀብራቸውም እጅግ ደማቅ ነበር» አሉ።

«እጇን ማን ያዘ?»

ሰውዳ ከጓዳ እየጮኸች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ጥያቄውም በዚያው ተዋጠ።

እንግዲህ ልቅሶ ተቀመጠ። አየርላንድ ሄዶ አፈር የሚጥልበት ቀብር የለ፤ ለማን ብሎ ይሄዳል? ሸሪፍ ከጭነት መኪናው ላይ ሸራውን አውርዶ ድንኳን ተከለ። ዘውዱም ከወዳጁ ላለመለየት ሲል ሬዲዮውን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ መጣ። አጓ የመንደሯን ሴቶች አስከትላ፣ በወጋቸው ከበሮ ይዘው እየዘፈኑና እያለቀሱ ገቡ። የደጋ ሴቶች በበኩላቸው ደረት መቱ። ሆኖም አልቃሾቹ ተቸገሩ። ሟችን የሚያሞግሱበት ነገር የላቸውም፤ አገሯን አያውቁ፣ ዘሯን አያውቁ።

ያን ጊዜ ኦቹዶ ተነሣ። ከድንኳኑ መሐል ገብቶ በእንግሊዝኛ ጀመረ። እናቱ አህያ ነበራት! ተማሪዎቹ በሙሉ ተቀበሉት። እናቱ ዶሮዎቿን በስም ትጠራ ነበር! እናቱ ሻይ ያለ ወተት አትጠጣም ነበር! ከበሮው ገባበት። እንጨት አልነበራትም፤ አፈር ታነድ ነበር! እዚህ ላይ አልቃሾቹ ተተርጉሞላቸው የሰሙትን ድህነት መሸከም አቅቷቸው፣ ድንኳኑ በዋይታ ተናጠ።

ሚስተር ፈንታ መሬት ላይ ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል። እየተንሰቀሰቀም አስተማሪ ነውና ልብ አለ፤ አንድም ልጅ ያለፈ ጊዜ አልሳተም።

ረቡዕ ደግሞ የራሱን አገር ወግ አመጣ። እኛ ዘንድ ሐዘን ላይ ስለ ሟች እየተጫወቱ ይሳቃል አለ። አቶ ተሰማ ደነገጡ። «ሐዘን ላይ?» እሱ ግን እናቱ አህያዋን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከቄሱ ጋር የተጣላችበትን አወራ። መጀመሪያ ኦሞድ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሸሪፍ። አቶ ተሰማ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ሲታገሉ ቆይተው በአፍንጫቸው ፈነዱ። ሚስተር ፈንታ ሲስቅ ዋለ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ሰውዳ ዞሮ፣ «ቃሌን በላሁ» አለ። «በር በሩን እያየች ነው የሞተችው።» ሰውዳ «አብሽር፣ አይዞህ» ብላ ቡና ቀዳችለት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዳኮታ የምትባለው አውሮፕላን በድንኳኑ ላይ እያጓራች አለፈች። ሚስተር ፈንታ ቀና ብሎ አይቷት መልሶ አንገቱን ደፋ። ዘውዱም ሥራ ነውና አውሮፕላኗን ሊቀበል በብስክሌቱ ሄደ።

ካፒቴኑ ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ «ፈረንጁ የታለ? ወንበር ይዘንለት መጥተናል» አለው።

«እናቱ ሞተውበት ልቅሶ ላይ ነው።»

«ማን ገደላቸው? ቄሱ ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መጥተው አደራ ያሉኝ እኮ፣ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሆነው 'ልጄ የት ደረሰ?' እያሉ ነው ብለው ነው! በሬዲዮ ብንጠራ ብንጠራ የሚያነሳ ጠፋ አሉ።»

ዘውዱ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ እንደ ፍም ፈጀው። «ካፒቴን፣ ይጠብቁኝ!»

«አልችልም። በጎሬ በኩል ዝናብ እየመጣ ነው፤ ጭነቱን አራግፌ እነሳለሁ።»

ዘውዱ ብስክሌቱ ላይ ዘለለ። በሜዳው ጠርዝ ሲያልፍ ለዘበኛው ለኦቻንግ ጮኸበት። «የሚስተር ፈንታ እናት አልሞቱም! አውሮፕላኑ እንዳይሄድ!»

የኦቻንግ ሥራ አንድ ነው፤ የከተማው ከብት ማሳረፊያው ላይ እንዳይገባ በዱላ ማባረር። እሱ ካፒቴንን አዝዞ አያውቅም። ቆሞ አሰበ። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ ጋደም አድርጎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ከብቶቹ ለወትሮው የተከለከሉትን ለምለም ሣር ሲያዩ ዓይናቸውን አላመኑም። ግልብጥ ብለው ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተፈጠረ። ዘውዱ በአቶ ተሰማ ጆሮ ሹክ አላቸው፤ አቶ ተሰማ ክው አሉ። የሞት መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰዓቱ፣ አቀማመጡ፣ ቃሉ ይታወቃል። የሕይወትን መርዶ ግን ማን አስቦበት? አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሚስተር ፈንታ፣ እንግዲህ ሰው ሲባል... እንግዳ ነው...»

ሚስተር ፈንታ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድሜም?» አለ።

«አይ፣ ወንድምዎስ... እናትዎ ማለቴ... ያው እንዳልኩት አርፈው ነበር...»

«እናትህ አለች!» ብላ አቋረጠቻቸው ሰውዳ፤ ዘውዱ ሹክ ሲል ከጎናቸው ስለነበረች ሰምታለች። «በሕይወት አለች! ልጄ የት ደረሰ እያለች ነው! ተነሣ፣ ምን ይጎልትሃል!»

ከዚያ አልቃሾቹ በዚያው በጀመሩት ጉሮሮ ዋይታውን ወደ እልልታ ገለበጡት። ሚስተር ፈንታ አቶ ተሰማን አያቸው። «ቀብሯ እጅግ ደማቅ ነበር አላሉኝም?»

«ይሆናል ብዬ ነው» አሉ አቶ ተሰማ መሬት መሬት እያዩ።

ሸሪፍ መኪናውን አስነሣ። ለቀስተኛው በሙሉ እላዩ ላይ ተሳፈረ፤ ከበሮው ሳይቀር። አውሮፕላን ሜዳ ሲደርሱ ዳኮታዋ ሞተሯን አስነሥታ በላሞች ተከብባ ቆማለች። ካፒቴኑ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል።

«አንተ ዘበኛ! ከብቶቹን አታባርርም?»

«ደክሞኛል» ይላል ኦቻንግ ከጥላው ሥር።

ሚስተር ፈንታ ፂሙን ሳይላጭ፣ ሦስት ቀን የተኛበትን ሸሚዝ እንደለበሰ ገባ። ሰውዳ ማር አስያዘችው፤ አጓ በቅጠል የጠቀለለችውን የደረቀ ዓሣ ጭኑ ላይ ጣለችለት። ያ ዓሣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ለተሳፋሪው ሁሉ ራሱን አስተዋወቀ ይባላል። ኦቻንግ ተነሣ፤ ዱላውን አነሣ፤ ላሞቹ ወጡ።

አየርላንድ ሲደርስ እናቱን አልጋቸው ላይ አገኛቸው። እጃቸውን ያዘ። ሊሞቱ የነበሩት ሴትዮ ጋምቤላ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ከበሮ ተመትቶ እንደተለቀሰላቸው ሲሰሙ ተነሥተው ትራስ ተደገፉ።

«ማነው ከሁሉም በላይ ያለቀሰው?» አሉ።

«ሰውዳ።»

«አህያዬንስ አነሷት?»

«ከሁሉ አስቀድመው።»

አሮጊቷ ወተት ያለበት ሻይ አዘዙ። በሳምንቱ ከአልጋ ወረዱ። ለመሞት የነበራቸውን ሐሳብ ለጊዜው ትተው ሹራብ መሥራት ጀመሩ።

ሚስተር ፈንታ ወደ ጋምቤላ ሲመለስ ሻንጣው ሙሉ ሱፍ ነበር። ለሰውዳ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሹራብ፤ ለአቶ ተሰማ የአንገት ሻርፕ፤ ለኦቻንግ ጥቅጥቅ ያለ ካልሲ። ያ ሁሉ ለጋምቤላ ሙቀት! ሰውዳ ሹራቧን አጣጥፋ በሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ክፍል ውስጥም ተማሪዎቹን ወደ አሁን ጊዜ መመለስ አበሳ ሆነ። እናቱ አህያ አላት ለማለት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየሄደ የእናቱን እጅ ይዞ ይሰነብት ነበር። እሳቸውም እያንዳንዱን ጊዜ እንደ መጨረሻ ይሰናበቱታል። ዓመታት አለፉ። አንድ ዓመት፣ ክረምቱን አብሯቸው ቆይቶ በተመለሰ በወሩ፣ ዘውዱ ሚስተር ፈንታን ራሱን ሬዲዮው ድረስ ወስዶ መገናኛውን ጆሮው ላይ አደረገለት። ሁለተኛ መርዶ ውስጥ አልገባም ብሎ ምሏላ። የአዲስ አበባው ቄስ እንደ ፈረንጅ ወግ ቃሉን ሳይሸፍኑ ነገሩት።

ሚስተር ፈንታ በእግሩ ወደ ከተማ ተመለሰ። ሸሪፍ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጨው እየመዘነ ነበር።

«ሚስተር፣ ደህና ነው? ምን አሉህ?»

ሚስተር ፈንታ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«እናቴን በጣም አሟታል አሉኝ» አለ በአማርኛ።

ሸሪፍ ሚዛኑን አወረደ። ፊቱን አየው። «አውሮፕላኑ ነገ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ሊያረጋግጥ።

«አውሮፕላኑ ይሂድ።»

ሸሪፍ የሱቁን በር ዘጋና ሸራውን ከመኪናው ሊያወርድ ሄደ። አቶ ተሰማ ሻርፓቸውን ጠምጥመው መጡ፤ ኦቻንግ በሱፍ ካልሲው መጣ። ሰውዳም ሳጥኗን ከፍታ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ላብ በሚያጠምቅበት በዚያ ቀትር፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርሰውን ሹራብ ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው።